ፒያኖው ከልጁ ቀድሞ እንዳይናገር

እናት ልጇን ታየዋለች። ሰይፉ ደም ያንጠባጥባል። የማን ደም ነው ብላ ትጠይቀዋለች። የጭልፊቴ ነው ይላታል። የጭልፊት ደም እንዲህ አይቀላም ትለዋለች። እንግዲያው የፈረሴ ነው። ፈረስህማ አርጅቶ ነበር፣ ደግሞም ሌላ ሞልቶሃል፤ አንተን የከበደህ ሌላ ነገር ነው። በሦስተኛው ያወጣዋል፦ የገደልኩት አባቴን ነው። እናት አታለቅስም፣ ደረቷን አትደቃም። እንደ ችሎት ጸሐፊ ጥያቄዋን ትቀጥላለች። ንስሐህ ምን ይሆናል? ግንቡንና አዳራሹንስ ምን ታደርገዋለህ? ለሚስትህና ለልጆችህ ምን ትተውላቸዋለህ? በጀልባ ባሕሩን እሻገራለሁ፤ ግንቡ እስኪፈርስ ይቁም፤ ሚስቴና ልጆቼ ዓለም ሰፊ ነው፣ ለምነው ይኑሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ራሷ ነው። ለገዛ እናትህስ? የሲኦል እርግማን፤ የመከርሽኝ አንቺ ነሽና።

ዘፈኑ እዚያ ላይ ያበቃል። «ኤድዋርድ» የሚሉት የስኮትላንድ ባላድ ነው፤ አንድ አጭር ዜማ ከአንጓ አንጓ እየተመላለሰ ታሪክ የሚናገርበት፣ በቃል ሲወርድ የኖረ የሕዝብ ዘፈን። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 በታተመው ሥራው የእንግሊዝንና የስኮትላንድን ባላዶች 305 አድርጎ ሲመድብ፣ ይህኛው 13ኛ ሆኖ ተቀምጧል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሌሎቹ ባላዶች ብዙውን ጊዜ ተራኪ አላቸው፤ ንጉሡ እንዲህ አለ፣ መርከቡ እንዲህ ሆነ የሚል። «ኤድዋርድ» ተራኪም የለው። ያለው ጥያቄና መልስ ብቻ ነው። እናትየው አስቀድማ ታውቅ እንደነበር የምንረዳው በመጨረሻው ስንኝ ሲሆን፣ ያኔ የቀደሙት ጥያቄዎች ሁሉ መልካቸው ይለወጣል። ስትጠይቅ የነበረው አጥታው አልነበረም።

ይህን ዘፈን ለድምፅና ለፒያኖ አቀናብር ሲሉኝ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ፒያኖው ነው። ፒያኖ ሐሳቡን ሳይሰጥ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ብትመቱ «ጉድ ሊመጣ ነው» ይላል፤ አንድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ብታጠቁሩ «ይዋሻል» ይላል። ባላዱ ደግሞ ኃይሉ ያለው ማንም ምንም ባለማለቱ ላይ ነው።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱት ቀላል ሰዎች አይደሉም። ቶማስ ፐርሲ የተባለው፣ በኋላ ጳጳስ የሆነው እንግሊዛዊ፣ ግጥሙን በ1765 አሳተመው። ያገኘው ከኤድንብራው ዳኛ ከዴቪድ ዳልሪምፕል ነው። ሆነ ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ በሚመስል አጻጻፍ ስለወጣ፣ አንድ የተማረ እጅ ነካክቶታል ብለው የሚጠረጥሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። የእኔም ጥርጣሬ ከእነሱ ጋር ነው፤ ያ የመጨረሻ እርግማን ጽሑፍ ጽሑፍ ይሸታል፣ እንከን የለሽ ነውና። የሆነ ሆኖ ጀርመናዊው ጸሐፊ ዮሐን ጎትፍሪድ ሄርደር ወደ ጀርመንኛ መለሰው፣ ከዚያ ወዲያ ግጥሙ በጀርመን አገር የራሱን ኑሮ ጀመረ። አቀናባሪው ካርል ሎቨ በ1818 ለድምፅና ለፒያኖ ሠራው፤ ቁጥር አንድ ብሎ ባሳተመው ሥራው ውስጥም መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው። ሹበርት በ1827 ሠራው። ብራምስ በ1854፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ዘፋኙን ጨርሶ አስወጥቶ ለፒያኖ ብቻ ጻፈው፤ የመጀመሪያው ሐረግ ግን የሄርደርን ቃላት ብትደርቡበት ልክክ ይላል። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ብራምስ ተመልሶ ለሁለት ድምፅ አዘጋጀው። ቻይኮቭስኪም በ1880 በሩስያኛ ትርጉም ለሁለት ዘፋኞች ሠራው።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የስኮትላንዱን ዜማ አልተጠቀመበትም። ከየት ያገኙታል? ፐርሲ ያሳተመው ቃሉን ብቻ ነው። ወደ ጀርመን የተሻገረው ወረቀት ነበር፤ ዜማው ከባለቤቶቹ ጋር ስኮትላንድ ቀረ።

የተገላቢጦሹ ታሪክ ደግሞ እዚያው ኤድንብራ ውስጥ ነው። ጆርጅ ቶምሰን የሚባል የመንግሥት ጸሐፊ፣ የሙዚቃ ፍቅር ያሳበደው፣ የአገሩን ዜማዎች የዘመኑ ታላላቅ አቀናባሪዎች ያስውቡልኝ ብሎ ቆርጦ ተነሣ። ለሃይድን ላከ፣ ለቤትሆቨን ላከ። የሚልከው ብዙ ጊዜ ዜማውን ነው፣ ያለ ግጥም። ቤትሆቨን ቃሉን ላክልኝ እያለ ወተወተ፤ የቃሉን መንፈስ ሳያውቁ እንዴት አጃቢ ይጻፋል? ቶምሰን በበኩሉ የሚጨነቀው ለገበያው ነበር፤ የኤድንብራ ወይዛዝርት ይህን ያህል የተወሳሰበ መጫወት አይችሉም፣ እባክዎ ያቅልሉልኝ ይላል። ቤትሆቨን ደግሞ የጻፍኩትን መነካካት ልማዴ አይደለም ብሎ መለሰለት። በናፖሊዮን ጦርነት ምክንያት ፖስታው ራሱ ዞሮ ዞሮ ነበር የሚደርሰው። በዚህ ሁሉ መሀል 25ቱ የስኮትላንድ ዘፈኖች በ1818 ታተሙ፤ ድምፅ፣ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ቼሎ። አንዳንዶቹ ድንቅ ናቸው። ግን ዜማው ሲያዝን ፒያኖው የሚፈነጥዝባቸው፣ ዜማው ሲስቅ የሚያኮርፍባቸው ቦታዎች አሉ። ባዳምጣቸው ቁጥር ሰውየው በሌለበት ስለ እሱ የሚወራ ይመስለኛል።

እንግዲህ 1818ን ልብ በሉ። በአንዱ ዓመት የስኮትላንድ ግጥም ያለ ዜማው በሎቨ እጅ፣ የስኮትላንድ ዜማ ያለ ግጥሙ በቤትሆቨን እጅ ነበር። ሁለቱም ፒያኖ ፊት ቀረቡ፤ ሁለቱም ግማሽ ሆነው።

ዘፋኞቹ ራሳቸው ስለዚህ የወረቀት ሥራ ምን ይሉ እንደነበር አንድ ምስክር አለን። ደራሲው ዋልተር ስኮት በ1802 የስኮትላንድና የእንግሊዝን ድንበር አገር ባላዶች ሲሰበስብ ማርጋሬት ሌይድሎ የተባሉ የእረኛ ሚስት ዘንድ ደረሰ። የገጣሚው የጄምስ ሆግ እናት ናቸው። ልጃቸው እንደጻፈው፣ ሴትዮዋ ስኮትን ፊት ለፊት ነገሩት፦ ዘፈኖቼን ያሳተማቸው ከእርስዎ በፊት አልነበረም፣ እርስዎም አበላሿቸው፤ የተሠሩት ሊዘፈኑ እንጂ ሊነበቡ አይደለም፤ አሁን ድግምታቸውን ሰበሩት፣ ከእንግዲህ የሚዘፍናቸው የለም፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በትክክል እንኳ አልተጻፉም። ኖታ ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ ስቀመጥ የሴትዮዋ ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም። በተለይ የመጨረሻዋ ነጥብ። ቅርሱ ጠፋ ከሚል እሮሮ ይልቅ ሥራችሁ ንጹሕ አይደለም የሚል ወቀሳ ለአቀናባሪ ይጠቅመዋል።

«የሚዘፍናቸው የለም» ያሉት ግን አልደረሰም። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም በ1951 ተመሠረተ፤ የሕዝብ ዘፈን አሰባሳቢው ሐሚሽ ሄንደርሰን በ1953 አበርዲን ውስጥ የጂኒ ሮበርትሰንን ቤት አንኳኳ። በአገሩ «ትራቨለር» ከሚሏቸው፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ከኖሩት ቤተሰቦች የተወለዱ ሴት ናቸው። የዘፈኗቸው ባላዶች ቴፕ ላይ ከተቀዱ በኋላ ሊቃውንቱ ያለቀ ያሉት ነገር አለማለቁን አወቁ። ከዘፈኗቸው አንዱ ይኸው 13ኛው ባላድ ነበር፤ በእሳቸው አፍ ስሙ «ልጄ ዴቪድ» ነው። ዴቪድ የገደለው ወንድሙን ነው፣ ሰይፉን አልመዝዝልኝ ስላለ። የሚሄደውም ወለል በሌለው ጀልባ ነው። መቼ ትመለሳለህ ስትለው፣ ፀሐይና ጨረቃ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሲገናኙ ይላታል። እርግማን የለም። እናት መክራው እንደሆነ፣ ታውቅ እንደነበር፣ ምንም አይባልም። ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ አፓላሺያ ተራሮች ላይ በተሰበሰቡት ቅጂዎች ደግሞ የጠቡ መነሻ አንዲት ቁጥቋጦ ናት፤ ተቆርጣ ባትቀጠፍ ዛፍ በሆነች ነበር ይላሉ። በቁጥቋጦ ወንድም ይገደላል? የገጠር ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም።

አብሬያቸው የምሠራው ዘፋኝ ከዚያው ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኔ በብዙ ይበልጣል። ዘፈኑን የተማሩት ከቤተሰባቸው ነው፣ ዴቪድ ያለበትን። እኔ አዲስ አበባ ፒያኖ ተምሬ ግላስጎው ኑሮዬን የመሠረትኩ አጃቢ ነኝ። ዜማቸውን መጀመሪያ ስሰማ እጄ ወዲያው አገኘው፤ አምስት ድምፅ ብቻ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። እኛ ትዝታ ሜጀር የምንለው። ደስታዬ ብዙም አልቆየም፣ ምክንያቱም ድምፆቹ አንድ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። እኛ ትዝታ ውስጥ የምንንከራተትበት፣ የምንወዛወዝበት፣ ጫፉን የምንስብበት ቦታ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ደረቅ ነው፤ ድምፁን ረግጠው ያልፋሉ። ጣቶቼ ወደ ለመዱት ማስጌጫ ሲያዘነብሉ ዘፋኟ ቅንድባቸውን ያነሣሉ። ናፍቆት ከቅኝቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ አለመሆኑን እዚህ አገር ነው ያወቅኩት።

ሁለተኛው ችግር ቴክኒክ ነው፣ ግን ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለበት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። የአውሮፓ ፒያኖ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋበት አንድ የታወቀ መንገድ አለው፦ ሶል ሲ ሬ ይልና ወደ ዶ ይመለሳል። «ሲ» ወደ «ዶ» ትገፋለች፣ ጆሮ ቤት ደረስኩ ይላል። በዚህ ዜማ ውስጥ «ሲ» የለችም። ይባስ ብሎ ዜማው የሚያርፈው ዶ ላይ ሳይሆን ሶል ላይ ነው። ኮንሰርት የለመደ ጆሮ «ገና አላለቀም» ይላል፤ ለዘፋኟ ግን አልቋል። የቶምሰን ዘመን አቀናባሪዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ የጎደለውን ድምፅ በኮርዳቸው ሞሉ፣ ጎባጣውን አቀኑ። እኔ «ሲ»ን ከፒያኖውም አወጣኋት። «ፋ»ንም። መዝጊያው ላይ ሶልና ሬ ብቻ ይቀራሉ፣ መሀላቸው ባዶ፤ ሜጀር ነው ማይነር ነው ብሎ የሚፈርድ ድምፅ የለም።

ነገር ግን ይህ ባዶ ኮርድ የራሱ ወጥመድ አለው። ሶልና ሬን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ከቀጠላችሁ ባግፓይፕ፣ ያ ከረጢት ያለው የስኮትላንድ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ይሆናል፤ ጭጋግ፣ ጉማም ተራራ፣ ሽርጥ የለበሰ ወታደር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያለው ስኮትላንድ ሁሉ ይመጣል። ባላድ ደግሞ በልማዱ ያለ መሣሪያ ነው የሚዘፈነው፤ ከሥሩ የሚያንጎራጉር ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ያቺ ኮርድ መስመር መጨረሻ ላይ ብቻ ትመጣለች፣ አንዳንዴም አትመጣም።

ሦስተኛው ችግር የምቱ ጊዜ ነው። ዘፋኟ ቃሉ በመራቸው ይሄዳሉ፤ «ወንድሜ» የሚለው ቃል ላይ አንድ ቀን ይረዝማሉ፣ በሌላው ቀን ይቆርጡታል። ይህን በአራት ምት ሳጥን ውስጥ ብከተው የትምህርት ቤት መዝሙር ይሆናል። ኖታውን ያለ ምት መስመር ጻፍኩት። የፒያኖው መስመር በላዩ የሚቆጠር ነገር የለውም፤ ያለው የስኮትላንድኛው ቃል ነው፣ ሙሉውን፣ እኔ ከየትኛው ፊደል በኋላ እንደምገባ ምልክት ተደርጎበት። ፒያኖ ተጫዋቹ ግጥሙን በቃሉ ካላወቀ ይህን ቅንብር መጫወት አይችልም። አንድ ወዳጄ ይህ ጭካኔ ነው አለኝ። ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሎቨ ፒያኖ ገና ከመጀመሪያው ይንቀጠቀጣል፤ እናትየው አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቤቱ ውስጥ ሬሳ እንዳለ ያውቃል። ለመድረክ ታላቅ ሥራ ነው፤ ጥሩ ባሪቶን፣ ድምፀ ወፍራም ወንድ ዘፋኝ፣ ሲዘፍነው ፀጉር ያስቆማል። እኔ የፈለግኩት ግን የማያውቅ ፒያኖ ነው። ፒያኖው ማን ነው ብዬ ብዙ አሰላሰልኩ። እናትየው ከሆነ ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል። ልጁ ከሆነ መዋሸት ይኖርበታል፣ ፒያኖ ደግሞ ሲዋሽ ያስታውቃል። ስለዚህ ሁለቱንም አላደረግኩትም፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው አደረግኩት። ከአድማጩ አንድ ቃል ቀድሞ ማወቅ የለበትም።

እንዴት እንደሚሰማ ያስተማረኝ ደግሞ የአገሬ ሙዚቃ ነው። ማሲንቆ ኮርድ አይመታም። ከድምፁ ጋር ያንኑ ዜማ ይዞ ይሄዳል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ ትንሽ በራሱ መንገድ፤ አዝማሪው ሲያበቃ ደግሞ የተባለውን ይደግማል። የፒያኖው ቀኝ እጅ ያንን ያደርጋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘፋኟ ብቻቸውን ይዘፍናሉ። ልጁ «የፈረሴ ደም ነው» ሲል ቀኝ እጅ ከኋላው አንድ በአንድ ቃሉን ይከተላል፣ ቀጭን፣ ያለ ፔዳል። ውሸቱን ይደግማል፤ ውሸት መሆኑን ግን አያውቅም። «የውሻዬ ነው» ሲል እንደገና፣ አሁን ትንሽ ዘግይቶ። ከዚህ መዘግየት ሌላ ምንም ለውጥ የለም፤ ድምፁ አይጨምርም፣ አይጠቁርም። አድማጭ መዘግየቱን እንደ ጥርጣሬ ሊሰማው ይችላል። ያ የራሱ ጉዳይ ነው።

ከዚያ እውነቱ ይመጣል፦ የወንድሜ የጆን ደም ነው። እዚህ ጋ ፒያኖው ምንም አይመታም። ግን ዝም አይልም፤ ቀኝ እግሬ ፔዳሉን እስከ ታች ይረግጣል። ያ ፔዳል ክሮቹን አፍኖ የሚይዘውን ለባድ ሁሉ ያነሣል፤ ክሮቹ ሁሉ ነጻ ይሆናሉ። ዘፋኟ ከመጀመሪያው ጀምረው የቆሙት ከተከፈተው ክዳን አጠገብ ነው። በዚያ አንጓ ላይ ፊታቸውን ወደ ክሮቹ መልሰው ይዘፍናሉ፣ ከድምፃቸው ጋር የሚስማሙት ክሮች በራሳቸው ይነሣሉ። ድምፃቸው ካቆመ በኋላ የዘፈኑት ነገር ፒያኖው ውስጥ ጥቂት ይቆያል፣ ማንም ሳይነካው። ተአምር አይደለም፣ ፊዚክስ ነው፤ ቤታችሁ ፒያኖ ካለ ፔዳሉን ረግጣችሁ ወደ ውስጥ ጩኹበት፣ ይመልስላችኋል። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግን ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ስለዚህ ይህን ቅንብር ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንጫወተውም። ማይክሮፎን እንጠቀም ያለን አዘጋጅ ነበር፤ አልተቀበልነውም። ማይክሮፎኑ ክሮቹን ያጎላል፣ ያኔ ጥግ ላይ ያለው ሰው ድንገት ተነሥቶ ይናገራል ማለት ነው።

ከእውነቱ በኋላ ያሉት አንጓዎች የግራ እጅ ናቸው። ቀኝ እጅ አይመለስም፤ የሚደገም ነገር የለማ። «ምን ታደርጋለህ» ስትለው አንዲት ዝቅተኛ ሶል፣ «ወለል በሌለው ጀልባ» ሲላት ሬ፣ በቃ። ከዚህ በላይ ማብራራት የለብኝም፤ ሲሰማ ከሚነበበው ያንሳል፣ እንዲያንስም ነው የተጻፈው።

የተከራከርነው መጨረሻው ላይ ነው። እርግማኑን ከፐርሲ ቅጂ ወስደን ብንጨምርስ አልኳቸው። ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፣ ታሪኩንም ይዘጋል። ዘፋኟ እንቢ አሉ። በእኛ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም፣ ሲሉ መለሱልኝ፤ ክርክሩ አለቀ። ደግሞ ለቅንብሩም ልክ እሳቸው ነበሩ። እርግማኑ ከገባ እናት ጥፋተኛ ትሆናለች፣ ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉን ተረዳ ማለት ነው፤ የተረዳ ሰው ደግሞ አንድ ነገር መጫወት አለበት። ፀሐይና ጨረቃ ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ የሚለው መልስ ግን ምንም አይገልጥም። እናት አልመለስም ማለቱ መሆኑን ሰምታለች። ለምን እንደገደለ አልሰማችም፣ እኛም አልሰማንም።

ያልተስማማንበት ነገር አንዲት ኮርድ ናት። የመጨረሻው ስንኝ ሶል ላይ ሲያርፍ እኔ ሶልና ሬን ከሥር ላስቀምጥ እፈልጋለሁ፣ በጣም ቀስ ብሎ፤ ኮንሰርት የለመደው አድማጭ ማለቁን እንዲያውቅና ግራ ተጋብቶ እንዳያጨበጭብ። እሳቸው ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ያውቃል፣ ካላወቀም አላዳመጠም ማለት ነው ይላሉ። ስለዚህ በየተራ እናደርገዋለን፤ አንዴ ከኮርዷ ጋር፣ አንዴ ያለ ኮርዷ። የሚቀጥለው ተራ የእሳቸው ነው።